ዘግይቶ የደረሰው ከበሮ፦ ባውራን በአየርላንድ ሙዚቃ ውስጥ ምን ይሠራል?

ሙዚቀኞቹ የመጠጥ ቤቱን አንድ ጥግ ይዘው ጠረጴዛ ከበው ተቀምጠዋል። ሁለት ቫዮሊን፣ አንድ የእንጨት ዋሽንት፣ አንድ ኮንሰርቲና (ትንሽ አኮርዲዮን የመሰለች)፣ አንድ ጊታር። መድረክ የለም፤ ድምፅ ማጉያ የለም፤ የመግቢያ ክፍያም የለም። አንዱ ዜማ ሳይቋረጥ ወደ ሌላው እየተሻገረ ሳለ በሩ ይከፈትና ክብ ጥቁር ቦርሳ በትከሻው ያነገተ ሰው ይገባል። ማንም ምንም አይለውም። ቫዮሊን የምትጫወተው ሴት ግን ቀና ብላ መጀመሪያ ቦርሳውን፣ ቀጥሎ ከጎኗ ያለውን ጓደኛዋን ታያለች። እንዲህ ባለ ክብ ቦርሳ ምን እንደሚያዝ ለሁለቱም መንገር አያስፈልግም።

ቦርሳው ውስጥ ያለው ባውራን ነው፤ የአየርላንድ ከበሮ። የአየርላንድ ሙዚቃ በሚሰማበት ከተማ ሁሉ፣ ደብሊንም ሆነ ቦስተን ወይም በርሊን፣ ይህን የመሰለ አፍታ ይደጋገማል። ነገሩ ግራ የሚያጋባው እዚህ ላይ ነው። ለቀረው ዓለም ባውራን የአየርላንድ መለያ ነው፤ በፖስታ ካርድ ላይ ይታተማል፣ በአውሮፕላን ማረፊያ ሱቆች ይሸጣል፣ «ጥንታዊ የኬልቶች ከበሮ» (ኬልቶች የጥንቱ የአገሪቱ ሕዝብ ናቸው) የሚል ጽሑፍ ይለጠፍበታል። ሙዚቃውን በየሳምንቱ ለሚጫወቱት ሰዎች ግን ገና በዓይን የሚጠበቅ እንግዳ ነው። ስለ ባውራን ተጫዋቾች የሚነገሩት ቀልዶች ብዛት ይህን ይመሰክራሉ። ከሁሉ የታወቀው በስመ ጥሩው የፓይፕ (አየር በከረጢት የሚነፋበት መሣሪያ) ተጫዋችና የዜማ ሰብሳቢ ሼመስ ኤኒስ ስም የሚነገረው ነው፤ «ባውራን በምን ቢጫወቱት ይሻላል?» ተብሎ ቢጠየቅ «በሰንጢ» ብሎ መለሰ ይባላል።

ቀልዱ ከዓመት ዓመት የማያረጀው እውነተኛ ጥያቄ ስላዘለ ነው። ዜማው ራሱ ምቱን ተሸክሞ በሚሄድበት ሙዚቃ ውስጥ ከበሮ ሥራው ምንድን ነው? እኔ እንደማየው የባውራን ክርክር የጩኸት ክርክር አይደለም። ምቱ የማን ነው የሚል ክርክር ነው።

ዕቃውን ቀረብ ብለን እንየው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ቀኖችና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ስስ እንጨት በእንፋሎት ተለምጦ ክብ ይሆናል። ስፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ35 እስከ 45 ሴንቲ ሜትር ነው። በአንድ ወገኑ የፍየል ቆዳ ተወጥሮ በምስማር ወይም በሙጫ ይያዛል፤ ሌላው ወገኑ ክፍት ነው። የእኛ ከበሮ ሁለት ፊት ያለው፣ ከአንገት የሚንጠለጠልና በሁለት እጅ የሚመታ ነው፤ ባውራን ግን ሰፌድ የሚያህል ባለ አንድ ፊት ነው። ተጫዋቹ ተቀምጦ ግራ ጭኑ ላይ ያቆመዋል፤ ግራ እጁን ከኋላ አስገብቶ ቆዳውን ከውስጥ ይዳብሳል፤ በቀኝ እጁ ደግሞ «ኪፒን» የምትባል አጭር ዱላ እንደ እስክሪብቶ ይዞ ይመታል። የዱላዋ ሁለቱም ጫፎች ይሠራሉ። እንዲህ ያለው በክብ ክፈፍ ላይ የሚወጠር ከበሮ ከሰሜን አፍሪካ እስከ መካከለኛው እስያ የተስፋፋ ነው። ሙሴ ባሕሩን ካሻገረ በኋላ ማርያም በእጇ የያዘችው፣ የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ «ከበሮ» ያለው ዕቃም፣ ሊቃውንቱ እንደሚሉት ከዚሁ ዘር ነበር።

ሰፌድ ያልኩት ለመጠኑ ብቻ አይደለም። በአየርላንድ ገጠር እህል የሚበጠርበት፣ በክብ እንጨት ላይ ቆዳ የተወጠረበት ዕቃ ነበር። ያልተበሳ ወንፊት በሉት። በበዓል ቀን ከግድግዳ ወርዶ የተመታው እሱ ነው፣ ባውራንም የተወለደው ከዚያ ነው የሚሉ አሉ። የወንፊት ክፈፍ ለከበሮ መሥሪያ መዋሉማ የተመሰከረ ነው። ስሙ «ባወር» ከሚለው የአይሪሽ ቃል ጋር ይዛመዳል፤ ትርጉሙ መስማት የተሳነው፣ እንደዚሁም የታፈነ ወይም የደነዘ ድምፅ ማለት ነው። ከበሮ መስማት በተሳነው ስም መጠራቱ ለቀልደኞች ሌላ ሲሳይ ሆኗል።

ለእኛ ጆሮ ከበሮ የሌለው ጭፈራ ማሰብ ይከብዳል። ሠርግም ሆነ ጥምቀት፣ የሰፈር እስክስታም ሆነ ማኅሌት፣ ከበሮው ካልመጣ ነገሩ አልተጀመረም። በአየርላንድ ግን ለብዙ ትውልድ ሰው የጨፈረው በአንድ ቫዮሊን ወይም በአንድ ፓይፕ ብቻ ነው። ምቱን የሚይዘው የቫዮሊኑ ደጋን ነበር። ቫዮሊን ተጫዋቹ ደጋኑን ሲገፋና ሲስብ አንዳንዱን ድምፅ ጫን፣ አንዳንዱን ቀለል ያደርገዋል፤ ዋሽንተኛው ትንፋሹን በምላሱና በጉሮሮው ይቆራርጠዋል። የጨፋሪው ጫማ በእንጨት ወለል ወይም በድንጋይ ንጣፍ ላይ ሲያርፍ የቀረውን ይጨርሳል። ዜማና ምት ሁለት ሰው የሚካፈለው ሥራ አልነበረም፤ በአንድ እጅ ውስጥ ያለ አንድ ነገር ነበር።

ይህን ለመረዳት ጂግ የሚባለውን የጭፈራ ዜማ ማየት ይበቃል። ጂግ ስድስት ስምንተኛ ይቆጠራል፤ ማለትም ስድስት ስድስት እየሆነ ይዞራል። የእኛ ችክችካም እንዲሁ ስድስት ስምንተኛ ነው፤ ሁለቱን አከታትሎ የሰማ ግን አይመሳሰሉብኝም ማለቱ አይቀርም። በችክችካ ዋናውን ነገር የሚሠራው ከበሮው ነው፤ ሁለትንና ሦስትን እያጋጨ ትከሻን የሚያነሣው ውጥረት ከእሱ ይመጣል፣ ዘፋኙ በላዩ ላይ ይንሳፈፋል። በጂግ ግን ሦስት ሦስት እየሆኑ የሚንደረደሩት የዜማው ድምፆች ራሳቸው ናቸው። ክፍት ቦታ የለም ማለት ይቻላል። ሪል በሚባለውና ከሁሉ በላይ በሚዘወተረው ዜማም አራት አራት እየሆኑ ይጎርፋሉ እንጂ ነገሩ ያው ነው። ከበሮ መቺው የሚመታበት ቦታ ሁሉ ቀድሞ ተይዟል።

ታዲያ ጎበዝ ተጫዋች ምን ያደርጋል? አንድ ሪል ይዘን እንከተለው። አንድ ሪል ብዙውን ጊዜ ሁለት ክፍል አለው፤ እያንዳንዱ ክፍል ሁለት ጊዜ ይደገምና ሙሉው ዙር 32 ባር (ዜማ የሚከፈልበት የምት መለኪያ) ይሆናል። በተለመደው ፍጥነት አንዱ ዙር ከ35 እስከ 40 ሴኮንድ ይፈጃል። ሙዚቀኞቹ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ደጋግመውት ሳያቆሙ ወደ ሌላ ሪል ይሻገራሉ። ባውራን ተጫዋቹ የመጀመሪያውን ዙር አይመታም። ከበሮው ጭኑ ላይ ነው፣ ኪፒኗ በጣቶቹ መካከል ነች፣ እሱ ግን ያዳምጣል። ዜማውን ያውቀዋል፤ የማያውቀው ይህ ቫዮሊን ተጫዋች ዛሬ ማታ እንዴት እንደሚጫወተው ነው። ያጣድፈዋል ወይስ ወደ ኋላ ያዝ ያደርገዋል? ክብደቱን በየትኛው ድምፅ ላይ ያሳርፈዋል? በሁለተኛው ዙር በዝግታ ይገባል፤ ከውስጥ ያለው ግራ መዳፉ ቆዳውን ተጭኖ ድምፁን አፍኖታል፣ ከዱላዋ የሚሰማው ሹክሹክታ ብቻ ነው። ዜማው ወደ ሁለተኛው ክፍል ተሻግሮ ወደ ላይ ሲወጣ መዳፉም በቆዳው ላይ ወደ ላይ ይንሸራተታል፤ የከበሮው ድምፅ አብሮ ይቀጥናል። ዜማው ሲመለስ መዳፉ ላላ ይላል፣ ከታች ወፍራም ድምፅ ይወጣል፣ ጠረጴዛው ላይ ያሉት ብርጭቆዎች ሳይቀሩ ይሰሙታል። ወደ አዲሱ ሪል ሊሻገሩ ሁለት ባር ሲቀር ድንገት ዝም ይላል። አዲሱ ዜማ ባዶው ቦታ ላይ ያርፋል፤ ጥግ ላይ የተቀመጠ ሰው «ሃ!» ይላል። ተጫዋቹ ከመታው ሁሉ ሰው የተደሰተው ባልመታው ሁለት ባር ነው።

አሁን ደግሞ ሌላውን እንይ። ከመጀመሪያዋ ድምፅ ጀምሮ ይገባል፤ አንዱን ምት ይዞ ከዳር እስከ ዳር ይመታዋል፤ ዜማው ከጂግ ወደ ሪል መዞሩን የሚያውቀው ሁሉም ካፈጠጡበት በኋላ ነው። የአበው ብሂል «ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር» የሚለው ለእሱ ሳይሆን አይቀርም። እንዲህ ያሉ ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ከተቀመጡ ማታው አለቀ። ሁለት ቫዮሊን አንዱን ዜማ አብረው ሲጫወቱ ጥቃቅን ልዩነታቸው ድምፁን ያወፍረዋል፤ ሁለት ባውራን አንዱን ሪል ሲያጅቡ ግን እያንዳንዱ ምቱን በራሱ መንገድ ስለሚረዳው መሬቱ ከሥር መንቀጥቀጥ ይጀምራል። በየመጠጥ ቤቱ «በአንድ ጊዜ አንድ ባውራን» የሚለው ያልተጻፈ ሕግ የመጣው ከዚህ ነው። ጨዋ ተጫዋች ዕቃውን ከማውጣቱ በፊት ሌላ ባውራን መኖሩን ያያል፤ ካለ ተራ ይጠብቃል ወይም ቢራውን ይዞ ያዳምጣል።

ንቀቱ አለአግባብ የሚከፋበት ጊዜም አለ። መጥፎ ጊታርም ዜማ ያበላሻል፤ ያልተቃኘ አኮርዲዮን የሚያደርሰውን ጉዳት የሰማ ያውቀዋል። ባውራን ተለይቶ የተጠመደበት ምክንያት ለመጀመር ከሁሉ የቀለለ በመሆኑ ነው። የቫዮሊን ጀማሪ በራሱ ያፍራል፣ ለሁለት ዓመት ከቤቱ አይወጣም። ባውራን የገዛ ቱሪስት ግን ያንኑ ማታ ጠረጴዛው ላይ ሊቀመጥ ይችላል። ርካሹ ባውራን ደግሞ በብዛት ከፓኪስታን የሚመጣ፣ ቆዳው የደረቀና ወፍራም፣ ፊቱ ላይ ሦስት ቅጠል የተሳለበት ነው፤ ለግድግዳ ጌጥ ይሆናል፣ ለሙዚቃ ግን አያገለግልም።

ስለ ጥንታዊነቱስ? በየማስታወቂያው የሚነገረው ታሪክ ከኬልት ተዋጊዎች ይነሣል። ሰነዱና ሥዕሉ የሚያሳዩት ግን ሌላ ነው። ሠዓሊው ዳንኤል ማክሊስ በ1833 ባሳየው የገጠር ድግስ ሥዕል ከፓይፕና ከቫዮሊን ተጫዋቹ ጋር የሚታየው ሰው በእጁ የሚመታው ታምቡሪን፣ ማለትም በክፈፉ ላይ ሻኩራ ያለው ባለ አንድ ፊት ከበሮ፣ ነው። በ1920ዎቹ ኒው ዮርክ ውስጥ ሸክላ ያስቀረጹት ስደተኞቹ ዋሽንተኛው ቶም ሞሪሰንና ጆን ሬይኖልድስ ሲሰሙም ዋሽንቱን የሚያጅበው ታምቡሪን ነው። ሙዚቀኛውና ተመራማሪው ፊንታን ቫለሊ ለዓመታት ማስረጃ ሲሰበስብ ቆይቶ የሚለው ይህንኑ ነው፦ ዛሬ ባውራን የምንለው ከበሮ ከጥንት ኬልቶች የወረደ ሳይሆን በ19ኛው ክፍለ ዘመን በመላው አውሮፓና አሜሪካ ይመታ ከነበረው ታምቡሪን የተገኘ ነው። በገጠር ያሉት የቆዩ ከበሮዎች ብዙዎቹ በክፈፋቸው ላይ የቆርቆሮ ሻኩራ ነበራቸው። ሻኩራው በኋላ ተነቀለ፤ ነቀላውም ከበሮውን «ጥንታዊ» አደረገው።

ይህ ከበሮ ዓመቱን ሙሉ የሚመታም አልነበረም። ቀኑ ታኅሣሥ 26 ነው፣ የቅዱስ እስጢፋኖስ ቀን። በዚያ ቀን ጎረምሶች ፊታቸውን በገለባ ጭንብል ሸፍነው፣ ልብሳቸውን ገልብጠው፣ ሬን የምትባለዋን ሚጢጢ ወፍ ስም እየጠሩ ከቤት ወደ ቤት ይዞራሉ። በር ላይ ይጨፍራሉ፣ ይቀልዳሉ፣ ገንዘብ ይሰበስባሉ፣ ማታ ያገኙትን አብረው ይበሉታል። ሆያ ሆዬን ያየ ሰው ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። በሰሜን ኬሪና በምዕራብ ሊመሪክ ይህ ልማድ ጠንካራ ነበር፤ ከበሮውም የሚወርደው ለዚያ ነው። በውርጭ የረገበውን ቆዳ ለመወጠር ከእሳት አጠገብ ያቆሙታል፣ ልክ እኛ ከበሮ ፀሐይ ላይ እንደምናሰጣው። በዓሉ ሲያልፍ ከበሮው ወደ ግድግዳው ይመለሳል። በጠረጴዛ ዙሪያ ከቫዮሊን ጋር ተቀምጦ ሪል ማጀብ የሚባል ሥራ አልነበረውም ማለት ይቻላል።

እንዴት ወደ ጠረጴዛው ደረሰ? እዚህ ላይ ሕግ ይገባል። በ1935 የአየርላንድ መንግሥት የሕዝብ የጭፈራ አዳራሾችን የሚመለከት ሕግ አወጣ፤ ያለ ፈቃድ ጭፈራ ማዘጋጀት ወንጀል ሆነ። ቀሳውስቱና ፖሊሱ ሕጉን በየቤቱ በሚደረገው ጭፈራ ላይም ስለጫኑት ለዘመናት በወጥ ቤት ወለል ላይ የኖረው ጭፈራ ወደ አዳራሽ ተገፋ። አዳራሹ ሰፊ ነው፣ አንድ ቫዮሊን አይሞላውም። እናም «ኬሊ ባንድ» የሚባሉት ቡድኖች በረከቱ፦ አሥር የሚሆን ሰው፣ ፒያኖ፣ አኮርዲዮን፣ ከጃዝ ባንድ የተወሰደ ሙሉ ድራም። ድራመሩ በእንጨት ሣጥን ላይ ሁለቴ «ቶክ፣ ቶክ» አድርጎ ያስጀምራል፣ ከዚያ እንደ ወታደር ሰልፍ ያስኬዳቸዋል።

ይህን ድምፅ አጥብቆ የጠላ አንድ ሰው ነበር፤ የሙዚቃ ደራሲው ሾን ኦ ሪያዳ። በ1931 ተወልዶ በ1971 ገና በአርባ ዓመቱ የሞተው ኦ ሪያዳ በአውሮፓ ክላሲካል ሙዚቃ የሠለጠነ፣ በኋላ ግን ፊቱን ወደ አገሩ ዜማ የመለሰ ሰው ነው። በ1962 በሬዲዮ ባቀረባቸው ተከታታይ ዝግጅቶች የኬሊ ባንድን ድምፅ በተደፋ የጃም ብርጭቆ ውስጥ ከሚያንዣብብ ዝንብ ጋር አመሳሰለው። ነቀፌታውን በአማራጭ ለመደገፍም «ኬልቶሪ ኩላን» የሚባል ቡድን አቋቁሞ ነበር፤ ነጭ ሸሚዝና ጥቁር ልብስ የለበሱ ባህላዊ ሙዚቀኞች በኮንሰርት አዳራሽ ተቀምጠው የሚጫወቱበት። ድራሙን አስወጣ። በቦታው ግን ባዶ አልተወም፤ ባውራን አስገባበት።

ይህ የሰውየው ብልኃት ነበር፤ አንዳንዱ ተንኮል ቢለውም አልከራከረውም። ከጃዝ የመጣው ድራም ባዕድ ነው ካሉ በኋላ የሚተካው አገርኛ መሆን አለበት። ባውራን ቆዳ ነው፣ እንጨት ነው፣ ከገጠር ነው፣ ስሙ አይሪሽ ነው። ኦ ሪያዳ የኬልቶች ተወላጅ ከበሮ አድርጎ አስተዋወቀው፤ አድማጩም ተቀበለው። በዚያው ቡድን ውስጥ ራሱ ሃርፕሲኮርድ (ፒያኖ የሚመስል የቆየ የአውሮፓ መሣሪያ) ይጫወት እንደነበር ማስታወስ ነገሩን ያጠራዋል። ሃርፕሲኮርድ የአየርላንድ አይደለም፤ ድምፁ የጠፋውን ባለ ብረት ክር የአየርላንድ በገና ያስታውሰኛል ብሎ ነው የመረጠው። ሁለቱም ምርጫዎች የታሪክ ምስክርነት ሳይሆኑ የአንድ ደራሲ ጆሮ የፈጠራቸው ነበሩ። አንዱ ከእሱ ጋር ቀረ፣ ሌላው የአገር መለያ ሆነ።

ከኦ ሪያዳ ቡድን ፓዲ ሞሎኒ በ1962 ቺፍተንስ የሚባለውን ባንድ መሠረተ፤ ባውራንም አብሮ ዓለምን ዞረ። በኦ ሪያዳ ቡድን ባውራን የመታው ፒተር መርሲየር በኋላ ቺፍተንስንም ተቀላቀለ፤ በ1976 የተካው ኬቨን ኮኔፍ እዚያው አረጀ። ግን ከበሮውን ከአጃቢ ወደ ሙዚቀኛ ከፍ ያደረገው ሰው ማን ነው ቢባል ብዙዎች የሚጠሩት ዴ ዳናን በሚባለው ባንድ የተጫወተውን ጆኒ ማክዶናን ነው፤ ቅጽል ስሙ «ሪንጎ»፣ ከቢትልሱ ድራመር የተወሰደ። በክፈፉ ላይ መምታት፣ በብሩሽ መጥረግ፣ በቆዳው ዳር ዙሪያ ጥቁር የኤሌክትሪክ ፕላስተር ለጥፎ የሚያስተጋባውን ትርፍ ድምፅ መግደል ከእሱ ጋር ተያይዘው ይነገራሉ። ፕላስተሩ ትንሽ ነገር ይመስላል። ውጤቱ ግን ከበሮው «ቡም» ማለቱን ትቶ «ዱብ» ማለት ጀመረ፤ ድምፁ አጭር ሲሆን በዜማው ድምፆች መካከል ለመግባት የሚያስችል ቀዳዳ ተገኘ። ቀዳዳ የለም ላልነው ሙዚቃ ይህ ቀላል ግኝት አይደለም።

ከዚያ ወዲህ የመጣው ለውጥ በሠሪዎቹ እጅ ነው። የዴሪ አውራጃ ሰው የሆነው የዳንጊቨኑ ሼመስ ኦኬን ክፈፉን አጠበበው፣ ጥልቀቱን ጨመረው፣ ቆዳውን እያሳሳ በውስጥ በኩል በብሎን የሚጠብቅና የሚላላ ስልት ዘረጋለት። ቀድሞ የረገበ ቆዳ እሳት ይሻ ነበር፣ የደረቀውን ደግሞ ጥቂት ውኃ ወይም፣ ቅርብ ያለው እሱ ከሆነ፣ ጥቂት ጥቁር ቢራ ያረጥቡት ነበር። አሁን መፍቻ ይበቃል። በዚህ ስስ ቆዳ ላይ ግራ እጅ ድምፁን እንደ ቤዝ ጊታር ከፍና ዝቅ ያደርጋል፤ ዱላዋም ቀጥናና ረዝማ በቆዳው ላይኛ ክፍል ብቻ እንደ ዝናብ ታንጠባጥባለች። በዚህ ስልት ጆን ጆ ኬሊ የመታውን የሰማ ሰው የሼመስ ኤኒስን ሰንጢ ለጊዜው ወደ ኪሱ ይመልሳል። ጀርመኖችም ገብተውበታል፤ ባቫሪያ የሚኖረው ክርስቲያን ሄድቪቻክ የሚሠራቸው ባውራኖች በአየርላንድ ሙዚቀኞች እጅ ይታያሉ። በአራን ደሴቶች ትንሿ፣ በኢኒሺር፣ በየክረምቱ ስለ ባውራን ብቻ የሚያስተምር ጉባኤ አለ፤ ስሙ «ክራከን» ነው፣ ቆዳ ማለት ነው። በኬሪ አውራጃ ሚልታውን ደግሞ የዓለም የባውራን ሻምፒዮና ይካሄዳል።

ሻምፒዮናው ያስነሣው ጥያቄ ግን መልስ አላገኘም። ከበሮው እንዲህ ከተራቀቀ ለብቻው መድረክ ላይ ወጥቶ አሥር ደቂቃ ቢመታ ምን ይከለክለዋል? ምንም። እኔ ግን ከጠርጣሪዎቹ ወገን ነኝ። ለብቻው የሚመታ ባውራን ሲሰማ የሚያስደንቀው የእጅ ፍጥነት ነው፤ ከላይ ያየነው ሰው በሁለት ባር ዝምታ ያገኘውን ግን ለብቻው የሚመታ ሰው ሊያገኘው አይችልም፤ ዝም ቢል የሚሰማ ዜማ የለማ። የዚህ ከበሮ ጥበብ ሌላ ሰው የሚጫወተውን ማወቅ ነው። ጎበዞቹ ባውራን ተጫዋቾች በዋሽንት ወይም በሌላ መሣሪያ ዜማ የሚያውቁ መሆናቸውም ያለ ምክንያት አይደለም።

ነገሩን አሁን ወቅታዊ ያደረገው ደግሞ ከሙዚቃ ውጭ ያለ ምክንያት ነው። የአገሪቱ ትልቁ የባህል ሙዚቃ ውድድርና በዓል «ፍላ ኬኦል» ከ1951 ጀምሮ በየከተማው ሲዞር ኖሯል፤ ባውራን የራሱ የውድድር ዘርፍ አለው፣ እንግዶቹም በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ናቸው። የ2026 አስተናጋጅ እንድትሆን የተመረጠችው የሰሜን አየርላንድ ዋና ከተማ ቤልፋስት ናት፤ በዓሉ በከተማዋ ሲካሄድ የመጀመሪያው ነው። በቤልፋስት ደግሞ ከበሮ ማለት ሁልጊዜ ሙዚቃ ብቻ አይደለም። በሰሜን አየርላንድ የፕሮቴስታንቱ ወገን በየዓመቱ ሐምሌ 12 የፕሮቴስታንቱ ንጉሥ ካቶሊኩን ንጉሥ ያሸነፈበትን የ1690ውን የቦይን ጦርነት ድል ሲያከብር የሚወጣው ከበሮ ላምቤግ ይባላል፦ ስፋቱ ወደ አንድ ሜትር የሚጠጋ፣ ሁለት ፊት ያለው፣ ከአንገት ተንጠልጥሎ ሆድ ላይ የሚያርፍ፣ በሁለት የሸምበቆ አርጩሜ የሚመታ። ድምፁ ከ120 ዴሲቤል ያልፋል፤ ከኤሌክትሪክ ውጭ ከሚሰሙት መሣሪያዎች ሁሉ ከሚጮኹት አንዱ ነው። በካቶሊክ ሰፈር ያደገ ሰው ያን ድምፅ ከሩቅ ሲሰማ የሚያስበው ስለ ስልተ ምት አይደለም። በፕሮቴስታንቱ ወገን ደግሞ ባውራን፣ ከነአይሪሽ ስሙ፣ የካቶሊኮቹ ከበሮ ተደርጎ ይታያል።

ቆዳው ግን ወገን አልለየም። ላምቤግ ያን ድምፅ የሚያወጣው በጣም ስስ ሆኖ በልዩ ዘዴ በተዘጋጀ የሴት ፍየል ቆዳ ነው፤ አዘጋጆቹ ምስጢሩን ከአባት ወደ ልጅ ያስተላልፉታል። ከላይ የጠቀስነው አዲሱ ባውራን የሚያስፈልገውም ልክ እንዲህ ያለ ቆዳ ነበር። ዛሬ ባውራን የሚገዛ ሰው የቆዳ ምርጫ ሲጠየቅ ከዝርዝሩ ውስጥ «ላምቤግ» የሚል ያገኛል፤ ውድ ነው፣ ብዙ ተጫዋቾችም የሚመርጡት እሱን ነው። በሰልፉ ላይ መስኮት የሚያንቀጠቅጠው ቆዳ በጠባብ ክፈፍ ላይ ተወጥሮ፣ ዳሩ በጥቁር ፕላስተር ተከቦ፣ ከውስጥ በመዳፍ ታፍኖ፣ አንዲት ቫዮሊን ተጫዋች ሪሏን እስክትጨርስ ከሥሯ ሹክ ይላል።